ባልና ሚስት ለበዓል አብረው ሲወጡ

በዓል በደረሰ ቁጥር በብዙ የከተማ ቤቶች የምናየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ባል ነጭ ልብሱን ለብሶ ከወዳጆቹ ጋር ይወጣል። ሚስት ግን ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዶሮ ስትበልት፣ ጭስ ዐይኗን እያስነባው ከምድጃ አጠገብ ትውላለች። ማታ ባል ደስ ብሎት፣ አንዳንድ ጊዜም ከልኩ በላይ ጠጥቶ ሲመለስ፣ እርስዋ ደክማ አንቀላፍታለች። ስለዚህ በዓሉ በአንድ ጣራ ሥር ለሁለት ተከፍሎ፣ ለአንዱ ደስታ ለሌላው ድካም ሆኖ ያልፋል።

ይህን ጉዳይ ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና በሚነገርበት ገጽ ላይ ማንሣታችን ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር ይመስላቸው ይሆናል። ነገር ግን በበዓል ማግስት ሰውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመጡትን ነገሮች ብንመለከት፣ ተቅማጡም፣ የሆድ ቍርጠቱም፣ በስካር መውደቅና መቍሰሉም፣ አብዛኛው ከጎን ሆኖ «ይብቃህ» ወይም «እጅሽን ታጠቢ» የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ የሚቀር ነው። ከባልና ከሚስት የበለጠ ይህን ለመናገር ሥልጣን ያለው ማን ነው? ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ባለትዳሮች ዘፈኑን፣ ምግቡንና መጠጡን አብረው ተደስተውበት፣ አብረው በደኅና የሚመለሱበትን መንገድ ይመለከታል። ደስታን ለመከልከል የተጻፈ አይደለም። በዓል የማያከብር ትዳር ቶሎ ይደርቃል ብለው አባቶቻችን ቢያምኑ እኛም አንቃወማቸውም።

ለምሳሌ እንዲሆነን የጎንደርን ጥምቀት እንውሰድ። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከዓለም ቅርሶች መካከል ተመዝግቧል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው፣ በዐፄ ፋሲል ስም ወደሚጠራው የጥምቀት መዋኛ ይወርዳሉ። ሕዝቡም በእልልታና በከበሮ ያጅባል፣ ሌሊቱን ብዙ ሰው እዚያው ያድራል። ጥር 11 ቀን ማለዳ ውኃው ከተባረከ በኋላ ሰው ሁሉ ይረጫል፣ ወጣቶችም ዘለው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የከተማው ቤቶች ሁሉ ክፍት ናቸው ለማለት ይቻላል። የገሃድ ጾም በዋዜማው ስለሚጾም፣ ሥጋውና ጠጁ የሚቀርበው በዚህ ቀን ነው።

ለእንዲህ ያለ ቀን መዘጋጀት የሚገባው ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ነው። ባልና ሚስት ማታ ቡና ሲጠጡ፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወጡ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚውሉ ይነጋገሩ። ባል ሽንኩርት መላጥ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ውኃ መቅዳት አይጎዳውም። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው አነጋገር ከየት እንደ መጣ ብንመረምር፣ የጤና ምክንያት አናገኝለትም። ለዶሮ ወጥ የሚያስፈልገው የሽንኩርት ክምር በሁለት ሰው እጅ ሲሠራ ጊዜው በግማሽ ያጥራል፣ ሚስትም በጭስ ውስጥ የምትቈይበት ሰዓት ይቀንሳል። የማገዶ ጭስ ሳምባን እንደሚጎዳ ዛሬ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ከተቻለም ከቤት ውጭ ቢሠራ ይሻላል።

በበዓሉ ቦታ ስለሚደረገው ጥንቃቄ ረዥም ነገር አንናገርም። ለመጠጥ የሚሆን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ከቤት ይያዝ። የጎንደሩ መዋኛ በቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላ ስለ ሆነ፣ ዘሎ የሚገባ ሰው አፉን ገጥሞ ይግባ፣ ቍስል ያለበትም ሰው በመረጨት ይብቃው። ከሁሉ በላይ ግን የመቀመጫው ነገር ያሳስበናል። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚያው በጎንደር የጥምቀት በዓል ላይ ከእንጨት የተሠራ መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎችም ቈስለዋል። ባለቤታችሁን ይዛችሁ የተጨናነቀ የእንጨት ደረጃ ላይ ከመውጣት ይልቅ፣ ጥቂት ራቅ ብላችሁ በመሬት ላይ ቆማችሁ ብታዩ የሚያመልጣችሁ ነገር ጥቂት ነው። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትንም ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። በአገራችን በአንድ ገበታ መብላት ፍቅርን ያጸናል፣ ጉርሻም የፍቅር ምልክት ነው። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባልዋ በሰው ፊት ሲጎራረሱ ማየት የበዓል ጌጥ ነው። ነገር ግን ጉርሻ ማለት የአንድ ሰው ጣት በሌላው ሰው አፍ መግባቱ መሆኑን አንርሳ። በጣቱ ጫፍና በጥፍሩ ሥር ያለው ነገር ሁሉ ከወጡ ጋር አብሮ ይገባል። የዚያን ቀን ደግሞ እጃችን ስንት ነገር እንደ ነካ ማሰብ ነው። ከመቶ ሰው ጋር ተጨባብጠናል፣ የመኪና በር ይዘናል፣ ገንዘብ ቈጥረናል፣ ወደ ሽንት ቤትም ሄደን ይሆናል።

ስለዚህ እጅ መታጠብ ለይስሙላ አይሁን። በብዙ ግብዣ ላይ ጥቂት ውኃ በጣት ጫፍ ላይ ጠብ ይደረግና በአንድ ፎጣ አርባ ሰው ይጠራረጋል። ይህ መታጠብ ሳይሆን እጅን ማርጠብ ነው፣ ፎጣውም የአንዱን እድፍ ለሌላው ያድላል። የሚገባው ከማስታጠቢያ በሚፈስስ ውኃና በሳሙና፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ጭምር፣ ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ማሸት ነው። ከዚያ በኋላ እጅን እያራገፉ በነፋስ ማድረቅ ከጋራ ፎጣ ይመረጣል። ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው ውኃ ቢያፈስስ ሁለቱም ረጋ ብለው ይታጠባሉ። አስታጣቢዋ ልጅ ሰልፉ ረዝሞባት ስትቸኩል ይህ አይሆንም። በሳል ወይም በተቅማጥ የታመመ ሰው ግን በዚያ ቀን ጉርሻ ባይሰጥ ፍቅሩን አሳየ እንጂ አልቀነሰም።

ስለ ጥሬ ሥጋ ስንጽፍ የሚቆጡን አንባቢዎች እንዳሉ እናውቃለን። ቁርጡም፣ ጥሬ ክትፎውም የአገሩ ክብር ነው ይሉናል። እኛም ክብሩን አልነካንም፣ ትሉን ነው የምንነካው። የኮሶ ትል እንዴት እንደሚዞር ማወቅ ይጠቅማል። ትሉ ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ እንቍላሉ በሣሩ ላይ ይቀራል። ከብት ያንን ሣር ሲግጥ እንቍላሉ ተፈልፍሎ በሥጋው ውስጥ የአተር ፍሬ የሚያህል ከረጢት ይሠራል። ሰውም ያንን ሥጋ በጥሬው ሲበላ ከረጢቱ በአንጀት ውስጥ ይፈታና ሁለት ሦስት ወር በሚያህል ጊዜ አድጎ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። ከዚያም ቍራጩ ከሰገራ ጋር እየወጣ ዙሩን እንደ ገና ይጀምራል። እንግዲህ ይህ ዙር በሁለት ቦታ ይበጠሳል፤ አንዱ ሽንት ቤት ነው፣ ሁለተኛው እሳት ነው።

ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሎሚ ወይም ከላይ የሚጠጣ አረቄ ትሉን ይገድላል የሚባለው ነገር እውነት አይደለም። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ከጥሬው እምብዛም አይለይም። ሥጋው ውስጡ ቀይነቱ እስኪጠፋ ድረስ መብሰል አለበት። በከተማ ኃይለኛ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ሥጋውን ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀን ቢያቈየው የትሉ ከረጢት ይሞታል። ይሁን እንጂ ቅዝቃዜ ሌሎቹን ተሐዋስያን ሁሉ አያጠፋም፣ እሳትን የሚተካ ነገር የለም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሚስት ደግሞ ጥሬ ሥጋ ጨርሶ አትቅመስ። በጥሬ ሥጋ ውስጥ የሚኖር ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሐዋስ አለ፤ እናቲቱ ምንም ሳይሰማት በማኅፀን ያለውን ልጅ ዐይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ባልም በፊቷ ቁርጥ እየቈረጠ «ቅመሺ» ከሚላት፣ እርሱም አብሯት ጥብስ ቢበላ ደግ ነው።

ትል የወጣበት ሰው በአበው ልማድ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ኮሶ እውነተኛ መድኃኒት መሆኑን በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንትም ተቀብለው ወደ አውሮፓ ወስደውት ነበር። ችግሩ ልኩ የማይታወቅ መሆኑ ነው፣ ሲበዛ ይመርዛል። ዛሬ ሐኪም የሚያዝዛቸው ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉ መድኃኒቶች ልካቸው ስለ ታወቀ ይመረጣሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ኮሶንም ሆነ ሌላውን በራስዋ ፈቃድ አትውሰድ፣ ሐኪም ይይላት።

ከሁሉ የሚረዝመው የመጠጥ ነገር ነው። ጠጅ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ይጣላል። የአልኮሉ ኃይል ከቤት ወደ ቤት በጣም የሚለያይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 10 እጅ አካባቢ ነው። ጠላ ከዚህ ያንሳል፣ አረቄ ግን ከመቶ 40 እጅ እስኪደርስና እስኪያልፍ ድረስ ይበረታል። መምህራን ይህን የሂሳብ ጥያቄ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ቢሰጡ አይከፋም፦ ሩብ ሊትር በሚይዝ ብርሌ ከመቶ 10 እጁ አልኮል የሆነ ጠጅ ቢቀዳ፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 20 ግራም ያህል ይሆናል። የጤነኛ ሰው ጉበት በአንድ ሰዓት ሊያስወግደው የሚችለው ከ7 እስከ 10 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ብርሌ ከሰውነት ለመውጣት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሦስት ብርሌ ተከታትሎ የጨረሰ ሰው፣ እስከ ሌሊቱ 8 ወይም 10 ሰዓት ድረስ አልኮል በደሙ ውስጥ አለ። ቡና መጠጣት፣ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ቅባት መብላት ጉበቱን አያስቸኵለውም።

ሚስት ከባልዋ ጋር ብርሌ በብርሌ እኩል ልትጠጣ አይገባትም። ይህ የክብር ጉዳይ አይደለም። የሴት ሰውነት በአብዛኛው ክብደቱም በውስጡ ያለው ውኃም ከወንድ ስለሚያንስ፣ ያው መጠጥ በእርስዋ ደም ውስጥ ይበልጥ ይበረታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ልክ የሚባል ነገር የለም፣ አልኮል ከእናት ደም ወደ ፅንሱ ይተላለፋልና። ለፅንስ ጉዳት የሌለው መጠን ይህ ነው ብሎ የወሰነ ሐኪም እስከ ዛሬ የለም። ልጅዋን የምታጠባ እናትም መጠጡ ወደ ወተትዋ እንደሚገባ ትወቅ።

እዚህ ላይ ነው የአገራችን እንግዳ አክባሪነት ፈተና የሚሆነው። ባለቤቲቱ ብርሌውን ይዛ ቀርባ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ» ስትል እንቢ ማለት ንቀት ይመስላል። አንዲት በሦስተኛ ወር እርግዝናዋ ላይ የነበረች ሴት በአንድ ግብዣ ላይ ሦስት ጊዜ በሞቴ ተብላ፣ እርግዝናዋን ገና ለሰው ስላልነገረች አፍራ ብርሌውን ስትቀበል አይተናል። ያን ጊዜ ባልዋ ምንም ሳይናገር ብርሌውን ከእጅዋ ተቀብሎ «የእርስዋን ለእኔ፣ ለእርስዋ ብርዝ ይምጣላት እመቤቴ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምጠጣው» አለ። ሁሉም ሣቁ፣ ብርዙም መጣ። ይህ ሰው ሚስቱንም አስተናጋጂቱንም አላሳፈረም። ከሄዱበት ቤት ሳይደርሱ በመንገድ ላይ እንዲህ ያለውን መልስ መስማማት ነው። ባልየው በተራው ሦስተኛውን ብርሌ ሲቀበል ሚስቱ «እኔን ወደ ቤት የሚያደርሰኝ ማን ነው?» ብትለው ያ ቃል ከሐኪም ምክር ይበልጥ ይሠራል።

ብርዝ መልካም ምትክ ነው፣ ነገር ግን መቼ እንደ ተበጠበጠ ጠይቁ። ማርና ውኃ ሲቈይ ይፈላል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ብርዝ የተባለው ጠጅ መሆን ይጀምራል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ብርዝም ማርም አይሰጥም። በማር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የሚገኝ ተሐዋስ ለትልቅ ሰው ሆድ ምንም ሳይሆን የሕፃኑን ጡንቻ ሊያሰንፍና ትንፋሹን ሊያቋርጥ ይችላል። ብርሌው ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ እጅ አይገባበትም። በቀዝቃዛ ውኃ አንድ ጊዜ ተለቅልቆ ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው የሚዞር ብርሌ ንጹሕ አይደለም። ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ጥቂት ጥሬ እህል ጨምሮ በኃይል መናጥ፣ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይገባል። ስለ ጠላም አንድ ቃል እንጨምር። ጠላ ሲቀጠን የሚጨመረው ውኃ ካልፈላ፣ የጠላው ኮምጣጣነትና ትንሹ አልኮል የተቅማጥን ተሐዋስያን በእርግጥ ይገድላል ተብሎ አይታመንም።

እንዲህ ያለው የመጠጥ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። የጀርመኗ የሙኒክ ከተማ የቢራ በዓል በዓለም የታወቀ ነው። አጀማመሩ ግን የሁለት ሰዎች ሠርግ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1810 የባቫርያው አልጋ ወራሽ ሉድቪግ ልዕልት ቴሬዛን ሲያገባ ለሠርጉ የፈረስ እሽቅድምድም ተደረገ፣ ሜዳውም እስከ ዛሬ በሙሽራዪቱ ስም ይጠራል። ዛሬ በዚያ በዓል የሚቀርበው ቢራ በአንድ ሊትር ዋንጫ ሲሆን ኃይሉ ከመቶ 6 እጅ ያህል ነው። የእኛን ሂሳብ ለሚከተል ሰው ይህ ከሁለት ብርሌ ጠጅ በላይ ነው። በአንጻሩ ያለ ጠጅና ያለ ጠላ ሙሉ ደስታ የሚደረግበት በዓል በአገራችን አለ። በሐረር ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲፈጸም በከበሮና በዜማ ይከበራል፣ ወጣቶችም የወደፊት የትዳር ጓደኛቸውን የሚተያዩበት ነው። ይህም በዓል በ2016 ዓ.ም. እንደ ጥምቀት በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ስለ ዘፈን የምንናገረው ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ከሦስቱ ነገሮች ያለ ስጋት የምንመክረው እርሱን ነው። በባለ አንድ አውታሩ መሰንቆ የሚያዜም አዝማሪ ባለበት ቤት፣ ባል ወይም ሚስት «ተቀበል» ብለው ግጥም ቢሰጡ፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዋዛዋል። ፊት ለፊት ሊናገረው ያፈረውን የፍቅር ቃል ባል በአዝማሪ አፍ ለሚስቱ ቢያስነግር ትርፉ ብዙ ነው። እስክስታም ከምግብ በኋላ ለሰውነት የተመቸ እንቅስቃሴ ነው። ሁለት ነገር ብቻ እናስታውስ፦ በአዝማሪው ግንባር ላይ የሚለጠፈው የብር ወረቀት በስንት እጅ እንደ ዞረ አይታወቅምና፣ ከዚያ በኋላ ወደ ገበታ የሚመለስ ሰው ዳግመኛ ይታጠብ። የድምፅ ማጉያ በተተከለበት አዳራሽ ደግሞ፣ በክንድ ርቀት ላይ ያለችውን ሚስታችሁን ለማናገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ ድምፁ ጆሮን ይጎዳልና ቦታ ቀይሩ።

ወደ ቤት ሲመለሱ የጠጣ ሰው መሪ አይያዝ፣ አንዱ ብቻ ከጠጣ ሌላው ይንዳ፣ ሁለቱም ከጠጡ በእግር ወይም በኪራይ መኪና ይሂዱ። ከግብዣው ቤት ተቋጥሮ የተሰጠ ወጥ ካለ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ በማግስቱም ለብ ሳይል እስኪንተከተክ ድረስ ይሙቅ። ከእሳት ከወረደ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ በሙቅ ክፍል ውስጥ የቆየ ሥጋ ሽታው ቢያምርም አይታመን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በማግስቱ ተቅማጥ ከያዘ ደግሞ አንዱ ለሌላው አስታማሚ ይሁን። በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ በሻይ ማንኪያ ልክ፣ ሳይቈለል፣ ስድስት ስኳርና ግማሽ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው። ከጤና ጣቢያ የሚገኘው የተዘጋጀው ዱቄት ካለ እርሱ ይቀድማል። ሰገራው የሩዝ ውኃ የመሰለ፣ ደም የቀላቀለ፣ ወይም በሽተኛው ሽንቱ የጠፋና ዐይኑ የጐደጐደ ከሆነ ግን፣ ሌሊትም ቢሆን ንጋትን ሳይጠብቁ፣ እያጠጡት ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።